ሶማሌ ተራ የማያውቀው መለዋወጫ

34 ዓመት ሙሉ መኪና ሞተር ላይ አጎንብሼ ኖሬያለሁ። ወገቤም እዚያው ነው የቀረው። ላዳ፣ ቮልስ፣ ሰይቸንቶ፣ ኤንትሬ፣ ያልፈታሁት የለም። መለዋወጫ መምረጥ ምን ማለት እንደሆነ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ከነጋዴዎቹ ግማሾቹ ከእኔ ጋር በዋጋ ሲጨቃጨቁ ነው ፀጉራቸው የሸበተው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ዋናው ግን የልጄ ልጅ «የጌም ኮምፒውተር ልገጣጥም ነው» ብሎ ስድስት ወር ቤቱን ሲያምስ አንድ ቀን እንኳ «አባባ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ሳይለኝ መቅረቱ ነው።

ለጨዋታ እኮ ነው! እኛ በጨርቅ ኳስ ስንጫወት ኳሱ ዋት አይጠይቅም ነበር።

«የተገጣጠመ ለምን አትገዛም?» አልኩት። «ውስጡ ምን እንደገባበት አላውቅም» አለኝ። በዚህስ አልፈረድኩበትም። ቀለሙ ያማረ፣ ካምቢዮው ያለቀ መኪና ስንቱን ሰው እንዳስለቀሰ እኔ ነኝ የማውቀው። የተበሳጨሁት ምርጫው ሲጀመር ነው። ግራፊክስ ካርድ የሚሉት ነገር አለ፤ ሥዕሉን የሚስለው እሱ ነው፤ ከሁሉም ውዱም እሱ ነው። ስሙን ስሙልኝ፦ 4060፣ 4060 ቲአይ፣ 4070፣ 4070 ሱፐር፣ 4070 ቲአይ፣ 4070 ቲአይ ሱፐር። ይኼ ሁሉ የአንድ ኩባንያ፣ የአንድ ትውልድ ዕቃ ነው። 4060 ቲአይ ደግሞ ባለ 8ም ባለ 16ም ጊጋባይት አለው፤ ስማቸው ያው አንድ። ላዳ 1200 እና ላዳ 1300 ብለው ሩሲያዎች ሲሰይሙ ሰው ሁሉ ገብቶት ነበር።

ልጁ ሁለት ወር አምጦ 4070 ሱፐር ላይ አረፈ። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ሲወጣ 599 ዶላር ተብሎ ነው። ቨርጂኒያ ያለችው አክስቱ ልትገዛለት፣ አባቱ በብር ሊከፍላት ተስማሙ። ዶላር ያኔ በባንክ 57 ብር ነበርና 34 ሺህ ብር ግድም ይሆናል ብለው አሰቡ። «በል ቶሎ ግዛ» አልኩት። «ዋጋው ይወርዳል፣ ትንሽ ልጠብቅ» አለኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይመራ ተባለ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላሩ 100 ብርን አለፈ። ካርዱ ያው ካርድ፣ ሒሳቡ ወደ 60 ሺህ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። መለዋወጫ የሚገዛው በተገኘበት ቀን ነው፤ ማንም መካኒክ ይነግርህ ነበር።

ካርዱ መጣ። ሦስት ማራገቢያ ያለው፣ ብሎኬት የሚያህል ነገር ነው። በጎኑ ሲሰካ ከክብደቱ የተነሣ ይጎብጣል ተባለና ምርኩዝ ተገዛለት። ልብ በሉ፤ እኔ ጉልበቴን አሞኝ ምርኩዝ ግዙልኝ ካልኩ ዓመት አልፎኛል።

በእኛ ሙያ አንድ ሕግ አለ፦ ዕቃ ልትገዛ ስትሄድ አሮጌውን በእጅህ ይዘህ ነው። የተበላውን ፍሪሲዮን ባንኮኒው ላይ ታስቀምጣለህ፤ ሰውዬው ያገላብጠዋል፤ «ይኼማ የ1300ው ነው» ይልህና ወንድሙን ከጓሮ ያወጣልሃል። ኮምፒውተር ግን አሮጌ የለውም፤ ሁሉንም ከባዶ ነው የምታጋባው። ፕሮሰሰሩ ከማዘርቦርዱ፣ ማዘርቦርዱ ከራሙ፣ ካርዱ ከሳጥኑ ቁመት ጋር መስማማት አለበት። ሽማግሌ ሳይላክ አራት ጋብቻ! ኢንቴል የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2021 ባለ 1,700 ነጥብ መሰኪያ አወጣ፤ በ2024 ደግሞ ባለ 1,851 አድርጎ ቀየረው፤ ስለዚህ ፕሮሰሰር ለመቀየር ማዘርቦርድም መቀየር ግድ ሆነ። ካንዴላ ለመቀየር ሞተር እንደማውረድ ማለት ነው። የእኛው ልጅ ይህን ሽሽት ወደ ኤኤምዲ ሄደ። የእሱ ደግሞ 1,718 ፀጉር የሚያካክሉ የሽቦ ጥርሶች ማዘርቦርዱ ላይ ተተክለውበታል፤ አንዱ ቢጣመም አለቀ። ሲሰካው ትንፋሹን ይዞ ነበር። እኔንም ትንፋሼን አስያዘኝ።

ከዚያ ራሙ። ከጓደኛው በርካሽ ገዝቶ በደስታ እየዘለለ መጣ። ዲዲአር 4 ነው። ማዘርቦርዱ የሚቀበለው ዲዲአር 5 ብቻ። ሁለቱም እኩል ይረዝማሉ፣ ሁለቱም 288 ጥርስ አላቸው፣ መሐል ላይ ያለችው ቁርጥ ቦታዋ ትንሽ ፈቀቅ ማለቷ ነው ልዩነቱ። ያቺ ቁርጥ እንዳይሳሳቱ ተብላ የተሠራች መሆኗ ገብቶኛል፤ ብልኅ ናት። ግን የምታስጠነቅቅህ ከፍለህ ቤት ከገባህ በኋላ ነው።

ስለ ማቀዝቀዣው ባልናገር ይሻላል፤ ግን እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ይኼ የእኔ ግዛት ነው። ፕሮሰሰሩ 95 ዲግሪ ድረስ ቢግል ችግር የለውም፣ ተሠርቶለታል አለኝ። እዚህ አዲስ አበባ፣ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽሮ የሚያንተከትክ ዕቃ መኝታ ቤት ተተከለ ማለት ነው። «ታዲያ በአየር ይቀዝቅዝ» አልኩ። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን በአየር እያቀዘቀዘች እንጦጦን ስትወጣ፣ ራዲያተር ያላቸው መንገድ ዳር ክዳናቸውን ከፍተው ጢስ ይተፉ ነበር። እርግጥ ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል ማራገቢያውም ይደክማል፤ ስለዚህ ተለቅ ያለ ግዛ አልኩት። አልሰማም። ባለ ራዲያተሩን አመጣ። ውሃው ታሽጓል፤ አይጨመርም፣ አይቀየርም። ራዲያተር ሆኖ ክዳን የሌለው! ፕሮሰሰሩና ማቀዝቀዣው መሐል የሚቀባት ነጭ ግራሶም አለች። እንዴት መቀባት እንዳለባት፣ በነጥብ ይሁን በመስቀል፣ ከጓደኛው ጋር ማታ ለማታ በስልክ ሲከራከሩ እንቅልፍ ነሱኝ።

የሳጥኑ ነገር ደግሞ። ጎኑ መስተዋት ነው። ውስጡ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ መብራት ይለዋወጥበታል፤ የሠርግ አዳራሽ ነው የሚመስለው። የመኪና ሞተር በመስተዋት ተሸፍኖ መብራት ሲገጠምለት አይቼ አላውቅም። ይህን ሁሉ እያየሁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፦ «ይህን ሁሉ የሚያበላው የቱ ነው?»

«ፓወር ሰፕላዩ ነው አባባ። ከሳጥኑ ጋር ምርቃት ተሰጠኝ።»

ምርቃት! 60 ሺህ ብር የወጣበት ካርድ በምርቃት ሊበላ! ከፍ አድርጌ አየሁት፤ ቀለለኝ። ጥሩ ዕቃ ይከብዳል፤ መዳብና ብረት አለበታ። ከኋላው ቀይ ማብሪያ አለችው፤ አጠገቧ ቁጥር ተጽፏል። «መነጽሬን አምጣልኝ» አልኩ። «አባባ፣ በሱፍ ሹራብ አይንኩት፣ ስታቲክ ያቃጥለዋል» ብሎ ከእጄ ወሰደው።

ማብሪያዋ ላይ 115 እና 230 ነበር የተጻፈው። 115 ላይ ነበረች። ይኼ ለአሜሪካ መብራት ነው፤ እዚያ ሲሆን ዕቃው የገባለትን ቮልት በእጥፍ ያነሣዋል። የእኛ ግድግዳ 220 ነው። ልጁ ሶኬቱን ሰካ፣ እኔ ቡናዬን አነሣሁ፣ ቤቱ እንደ ጥይት ጮኸ። ሽታው ሦስት ቀን አልወጣም። ባለቤቴ ከማድ ቤት ሮጣ መጥታ ያየችው እኔን ነው። «አንቱ ሰው፣ ምን ነካክተውበት ነው?» ልጁም ቀበል አድርጎ «መብራቱ ነው ያቃጠለው» አለ። መብራቱ በዚያ ቀን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ቀጥ ብሎ እንደ ሻማ ነበር።

ካርዱ ተረፈ። ሌላውም ተረፈ። አዲሱ ፓወር ሰፕላይ ባለ 750 ዋት ነው፤ ቮልቱን ራሱ ያውቃል፣ ቀይ ማብሪያም የለው፤ ስታነሣው ደግሞ ይከብዳል።

አሁን ኮምፒውተሩ ይሠራል። ምን እንደሚጫወትበት ታውቃላችሁ? ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የጭነት መኪና መንዳት ነው። አሮጌው ላፕቶፑም ይጫወተው ነበር። መኪናው ሲጎዳ ጋራዥ ይገባል፣ አንድ ጊዜ ይጫናል፣ ተጠግኖ ይወጣል፤ ቡሎን አይፈታ፣ እጅ አይቆሽሽ። ፓወር ሰፕላዩ የተገዛው በእኔ ጡረታ ነው፤ ደረሰኙ ኮቴ ኪስ ውስጥ አለ።