«ይተኩሳል» ብሎ ነገር

እዚህ አሜሪካ አሮጌ ሪቮልቨር የሚሸጥ ሰው ሁሉ የሚያውቃት ቃል አንዲት ናት፦ «ይተኩሳል»። ባዶውን ሽጉጥ ቀጭ ቀጭ ያደርግልሃል፣ ሲሊንደሩ ሲዞር ያሳይሃል፣ በቃ። ስለ ታይሚንጉ፣ ማለትም ሲሊንደሩ መዶሻው ሳይወድቅ በቦታው ስለ መቆለፉ፣ ስትጠይቀው ፊቱ ይጠቁራል። ኧረ ደከመን! መተኮስና ከአፈሙዙ ጋር ገጥሞ መተኮስ አንድ እንዳልሆኑ ስንት ጊዜ እንናገር?

ምላጩ ሲሳብ መዶሻው ወደ ኋላ ይሄዳል። በዚያው እንቅስቃሴ «ሀንድ» የሚባለው ትንሽ ብረት በሲሊንደሩ ጀርባ ያለውን ባለ ጥርስ ኮከብ እየገፋ ቀጣዩን ጥይት ያመጣል። ከታች ደግሞ ማቆሚያው ብቅ ብሎ በሲሊንደሩ ዙሪያ ከተቆረጡት ጎድጓዳዎች በአንዱ ገብቶ ይቆልፋል። ይህ ሁሉ መዶሻው ከመውደቁ በፊት ማለቅ አለበት። ሀንዱ ወይም የኮከቡ ጥርስ ሲበላ ሲሊንደሩ ይዘገያል፤ መዶሻው ግን አይጠብቀውም። ያን ጊዜ እርሳሱ ከመሃል ዝንፍ ብሎ ወደ አፈሙዙ ሲገባ ጠርዙ ይላጣል፤ ፍንጣሪውም በሲሊንደሩና በአፈሙዙ መካከል ባለው ክፍተት ወደ ጎን ይረጫል። ብዙ ጊዜ ፍንጣሪው የሚያገኘው አጠገብ የቆመውን ሰው ነው። እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ሽጉጡን ያልገዛ፣ ያልነካ ሰው ለምን ይጎዳ?

ሕመሙ ደግሞ ድብቅ ነው። ምላጩ በፍጥነት ሲሳብ ሲሊንደሩ በራሱ ግፊት ተስፈንጥሮ ማቆሚያው ላይ ይደርሳል፤ ስለዚህ ጤነኛ ይመስላል። ጉዱ የሚወጣው መዶሻው በአውራ ጣት ቀስ ተብሎ ሲሳብ ነው። እኔም አንድ መደብር ውስጥ እንዲህ ላየው ብል ሻጩ «ማን እንደዚያ ይተኩሳል?» አለኝ። ወንድሜ፣ ማንም አይተኩስም፤ የሚመረመረው ግን እንደዚያ ነው።

የኮልት ሪቮልቨር ወዳጆችማ እሮሯችን አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው ኮልት ፓይተን፣ እንደ ብዙ ቀደምት ኮልቶች፣ ምላጩ እስከ መጨረሻው ሲሳብ ሀንዱ ሲሊንደሩን ማቆሚያው ላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሲቆለፍ ንቅንቅ አይልም፤ ውበቱ እዚያ ላይ ነው፤ ግን በተተኮሰ ቁጥር ሀንዱ ላይ ጫና ያርፋል፣ ይበላል። ማስተካከያ የሚፈልግ አሠራር ነው እንጂ ብልሽት አይደለም። ሰው ግን ሳያስጠግን ዓመታት ይተኩስበትና «ኮልት ደካማ ነው» ብሎ ስሙን ያጠፋል። አሮጌው ፓይተን በ2005 ምርቱ ቆመ፤ በ2020 በዚያው ስም የወጣው የውስጥ አሠራሩ ሌላ ነው። የአሮጌውን ሀንድ ቀጥቅጦ ማስረዘም፣ በሞረድ እየለኩ ማስተካከል የሚችሉት እጆች ደግሞ እያረጁ ነው። ጠጋኝ ሲገኝ ወረፋው ወራት ይፈጃል። ወረፋው ያስመረረው በቪዲዮ ተምሮ ራሱ ይሞርደዋል፤ የተሞረደ ብረት ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

ስለ ፊልምስ ምን ልበል? ሲሊንደሩን በእጅ አንጓ ወንጭፎ ጠርቅሞ መዝጋት! ሲሊንደሩን የተሸከመውን ክንድ የሚያጣምመው ይህ ነው። ክንዱ ከተጣመመ የሲሊንደሩ አቀማመጥ ይዛባል፤ ከዚያ ሀንድ ብትለውጥ ምን ይጠቅማል? መዶሻውን በኃይል እያፈናጠሩ መሳብም የሲሊንደሩን ጎድጓዳዎች ጠርዝ ይደቁሳል።

ደህናውን ሽጉጥ በሐሰት የሚከሱም አሉ። ከኮከቡ ሥር የገባ የባሩድ ቅንጣት ሲሊንደሩን ያንቀዋል፤ ሰውየው ብሩሽ እንደማንሳት «ታይሚንጉ ሄዷል» ብሎ በርካሽ ይሸጠዋል። ምላጩን ሳይነካ ሲሊንደሩን በጣቱ እየነቀነቀ «ላልቷል» የሚልም አለ፤ ትንሽ መላወስ በብዙ ሪቮልቨሮች ላይ ያለ ነው።

እባካችሁ፣ አሮጌ ሪቮልቨር ልትገዙ የሄዳችሁ እንደሆነ አትቸኩሉ። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ ባለቤቱንም አስፈቅዱ። አንዳንዱ ላይ ኮከቡ ባዶውን ስለሚላወስ የተተኮሱ ቀለሆችን በሲሊንደሩ የጥይት ቤቶች ውስጥ ክተቱ። ከዚያ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ይዛችሁ፣ ሲሊንደሩን በጣት ለስለስ አድርጋችሁ እየያዛችሁ፣ መዶሻውን ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ሁሉንም ቤቶች፣ አንድም ሳትዘሉ፣ ምክንያቱም ጥርሶቹ እኩል አይበሉም። በዚያ ሽጉጥ የተተኮሰ ቀለህ ካለም መርፌው የመታበትን እዩ፤ ምልክቱ ከመሃል ከራቀ ተጠራጠሩ። አንዷ ቤት እንኳ ሳትቆለፍ መዶሻው መጨረሻው ላይ ከደረሰ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አትግዙት። በእጃችሁ ያለው ከሆነም ሳይጠገን አትተኩሱበት፤ ሳትናገሩም ለሌላ ሰው አትሽጡት።