ሙቶ፣ ሙታ እና የሻይ ሒሳብ

ሬስሊንግ በሚታይበት ሻይ ቤት ተቀምጦ «ይሄ እኮ የውሸት ነው» ማለት፣ ልቅሶ ቤት ገብቶ «ሟቹ እንኳ ይህን ያህል ደግ አልነበረም» እንደማለት ነው። ሁሉም ያውቃል፤ የተናገረውን ሰው ግን ማንም አይወደውም። እኔ ግራና በምትባል የወሎ ከተማ ውስጥ ተናገርኩት። ይባስ ብሎ የተናገርኩት ለእናቴ ታላቅ ወንድም ነው።

አጎቴ ሰባውን ተሻግሯል። በልጅነቱ ከብት ሲያግድ፣ ማሽላ ከወፍ ሲጠብቅ፣ እረኛው መስክ ላይ ተሰብስቦ ትግል ሲገጥም ወድቆ እንደማያውቅ ይናገራል። (ወድቄ ነበር የሚል የዚያ ዘመን እረኛ እስካሁን አላገኘሁም። ሁሉም ጣይ ከነበሩ ማን ይወድቅ እንደነበር ይገርመኛል።) ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ፊት የሚቀመጠው እንደ ባለሙያ ነው። በትሩን በጉልበቶቹ መሃል ያቆማል፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ይመልሳል፣ ከዚያ ሥራውን ይጀምራል። «ኧረ ገላግሏቸው! እዚያ አገር ሽማግሌ የለም?» ባለ ሸንተረር ሸሚዙ ዳኛ፣ አንደኛው ወንበር ሊያነሳ ሲል ፊቱን ካዞረ ደግሞ ከመቀመጫው ይነሳል። «አየኸው? ጉቦ በልቷል!»

«አያ፣» አልኩት፣ «ይሄ እኮ አስቀድመው የተነጋገሩበት ነው። ማን እንደሚያሸንፍ ሁለቱም ያውቃሉ።»

ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ። «ወንበሩም ተነጋግሯል?»

መልስ አጣሁ። ወንበሩ በርግጥ አልተነጋገረም።

ከጎናችን የተቀመጠ ባጃጅ ነጂ ወጣት ሊያስታርቀን ፈልጎ ነው መሰለኝ ስልኩን አወጣ። የድሮ የጃፓን ግጥሚያዎች ይሰበስባል። ፊቱን ቀለም የተቀባ፣ ከአፉ አረንጓዴ ጭስ የመሰለ ነገር ተጋጣሚው ዓይን ላይ የሚረጭ ሰው አሳየን።

«ማን ይባላል?» አለ አጎቴ።

«ሙታ።»

«ማናት የሞተችው?»

«ስሙ ነው አባባ። ሲቀባ ሙታ ይሉታል፤ ሲታጠብ ሙቶ ነው።»

አጎቴ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ሞቶም ሞታም እንዲህ ከዘለለ፣ በሕይወት ቢኖር ምን ሊያደርግ ነበር?»

ሰውዬው በሕይወት አለ። ኬጂ ሙቶ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 1962 ያማናሺ በሚባለው የጃፓን ክፍለ ሀገር ተወለደ፤ በጁዶ አደገ። ጥቅምት 1984 ኒው ጃፓን ለሚባለው የሬስሊንግ ድርጅት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገጥም፣ ተጋጣሚው እንደሱው ጀማሪ የነበረው ማሳሂሮ ቾኖ ነው። ሙቶ አሸነፈው። ይህቺን ቾኖ የሚሏትን ስም ያዙልኝ።

ከዚያ ልምድ ይቅሰም ተብሎ ባሕር ማዶ ተላከ። ፍሎሪዳ ሲደርስ ነጩ ኒንጃ ሆነ። ፖርቶ ሪኮና ቴክሳስም ገጠመ፤ ኋላ ኒንጃው ጠቆረ። በ1989 ደብሊው ሲ ደብሊው ወደሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ሲዛወር ፊቱን ቀብተው «ታላቁ ሙታ» አሉት፤ ከሱ በፊት አረንጓዴውን እየረጨ ስም ያወጣው የታላቁ ካቡኪ ልጅ ነውም ተባለ። ካቡኪ አልወለደውም። ይህን ስተረጉምለት አጎቴ ምንም አልከበደውም፤ «የጡት ልጁ ይሆናላ» ብሎ ዘጋው። እኔም ሳስበው ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

ሙቶ አገሩ ሲመለስ ሁለቱንም ፊት ይዞ ተመለሰ። በ1992 የኒው ጃፓንን ቀበቶ የወሰደው የተቀባው ነው። ጥቅምት 1995 ደግሞ «የእኛ ትግል የምር ነው» እያለ ራሱን የሚሸጥ ሌላ ድርጅት መጣና ሁለቱ ድርጅቶች ቶኪዮ ዶም ውስጥ ተጋጠሙ። የምረኞቹን አለቃ ኖቡሂኮ ታካዳን የጣለው የታጠበው ሙቶ ነው፤ ያውም እግር ለእግር ቆላልፎ በሚያስጮኽ የጥንት የሬስሊንግ ዘዴ። «የምር ነው» ባዩ በወጉ ተሸነፈ። በ2002 ኒው ጃፓንን ጥሎ ተቀናቃኙ ኦል ጃፓን ገባ፤ በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ሆነ። በ2013 ከዚያም ወጥቶ ሬስል ዋን የሚባል የራሱን ድርጅት ከፈተ። በ2020 እሱም ቆመ። በ2021 ኖህ የሚባለው ጋ ሄዶ በ58 ዓመቱ ቀበቶ አሰረ። የእኛ ሰው በ58 ዓመቱ ጡረታ ለመውጣት የልደት ማስረጃ ሲያስተካክል ይውላል።

አጎቴ ይህን ሁሉ ዝውውር ሲሰማ ያነሳው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። «የትኛው ነው ፊቱ?»

እዚህ አካባቢ የማውቀው አንድ የከብት ደላላ አለ፤ ገበያ ላይ ስለምንገናኝ ስሙን አልጠራም። ወልዲያ ሲውል የገበሬ ወገን ነው፤ «ያበላንን ገበሬ እንዲህ እናድርገው?» እያለ ዕንባው ይመጣል። መርሳ ሲውል የነጋዴ ጠበቃ ይሆንና የዚያኑ ዓይነት በሬ ከንፈር ገልብጦ ጥርሱን አይቶ «ይሄማ ጣልያንን ያስታውሳል» ይላል። ግራና ሲመጣ የሁላችንም ዘመድ ነው። ይህ ሁሉ ያለ አንድ ጠብታ ቀለም።

ሲገጥም ላሳያችሁ። የሻጩን እጅ ይይዝና በመዳፉ ጧ ያደርገዋል፤ «በል ጨርስ!» ሻጩ እጁን መንጭቆ፣ በሬውን ስቦ ሦስት እርምጃ ይሄዳል። አራት አይሄድም፤ አራት ከሄደ የምር ሄደ ማለት ነው። ደላላው ጋቢውን ይዞ ይመልሰዋል። ገዢው «አባቴ ከመቃብር ቢነሳ አንዲት ብር አልጨምርም» ይላል፣ ይጨምራል። የገዢው ደላላ ደግሞ የሻጩን ደላላ «አንተ ሌባ!» ብሎ ደረቱን ይገፋዋል፤ ሰው ይከባል፤ አንድ ገላጋይ ከመሃል ይገባል፤ ገላጋዩም የድርሻውን ያገኛል። በመጨረሻ «ይባርክልህ» ይባልና ዋጋው፣ ሁሉም ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ በልቡ ይዞት የመጣው ላይ ያርፋል። ማታ ሁለቱን ደላሎች ምግብ ቤት ውስጥ ከአንድ ትሪ ሲጎራረሱ አየኋቸው። ደረቱን የተገፋው ነበር ጎራሹ።

እኔ በዚያ ትሪ አልተከፋሁም። ይልቅ የከፋኝ፣ ያን ቀን ከበው ከነበሩት መሃል ራሴን ማስታወሴ ነው። «ኧረ ተዉ!» ብዬ ጮኼ ነበር።

የሬስሊንግ ሰዎች ነገሩ የተመከረበት መሆኑን ከተመልካች ፊት አለመግለጥን በሙያ ቋንቋቸው ኬፌብ ይሉታል። እኛ ወግ እንለዋለን። አጎቴ የወግ ሊቅ ነው፤ በአካባቢው ያለሱ ሽማግሌ አይላክም። ባለፈው ዓመት ለጎረቤት ልጅ ሊጠይቁ ሲሄዱ እኔም ከኋላ ተከትዬ ነበር። «ተቀመጡ» ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። የልጅቷ አባት ነገሩ ዱብ ዕዳ የሆነበት መስሎ «ልጅቷ ገና ናት፣ ደግሞም ዘመድ ላማክር» አለ። ሁለተኛ ሄዱ፤ አሁንም ዘመድ አልተማከረም። ሦስተኛው ላይ ተሳካ። በመጀመሪያው ቀን ግን ጓዳ ውስጥ የተጠነሰሰው ጠላ እስከ ደጅ ይሸት ነበር።

ይህን አስታወስኩት። «አያ፣ ያስ የተነጋገሩበት አልነበረም?»

«ያ ወግ ነው።»

«ይሄስ?»

«ይሄማ ድብድብ ነው!» አለና በትሩን መሬት ላይ ዶቅ አደረገው።

ደግሞ አጎቴን ብቻ አላማውም፤ ትልልቆቹ አገሮችም እንደዚሁ ናቸው። ጃፓን በ1954 ቴሌቪዥን ገና ብርቅ ሳለ፣ አደባባይ ላይ በተሰቀለ ቴሌቪዥን ስር ሕዝቡ እየተጋፋ ሪኪዶዛን የሚባለውን ታጋይ ያይ ነበር። በጦርነት የተሸነፈ አገር፣ የራሱ ሰው አሜሪካውያንን በመዳፉ ሲያንጣጣቸው እያየ ሆዱ ይርስ ነበር። ሪኪዶዛን ግን ኮሪያ ተወልዶ የመጣ ነው፤ ይህም ወግ ነውና አልተነገራቸውም። አሜሪካ ደግሞ በ1989 የዚህ ንግድ ትልቁ ጌታ የቪንስ ማክማን ኩባንያ ኒው ጀርሲ ላይ «የእኛ ሥራ ስፖርት አይደለም፣ መዝናኛ ነው» ብሎ ለመንግሥት አመነ። ስፖርት ከተባለ የስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥርና ክፍያ አለበታ! ክፍያ ለማምለጥ ብሎ እውነቱን የተናገረ ነጋዴ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። የእኛዎቹ ግብር ሲመጣ ምን እንደሚናገሩ ታውቃላችሁ።

የምር የሆነ ጊዜስ? ሰኔ 1976 የሪኪዶዛን ደቀ መዝሙር አንቶኒዮ ኢኖኪ ከመሐመድ ዓሊ ጋር ቶኪዮ ላይ ገጠመ፤ አሸናፊው አስቀድሞ አልተመከረበትም። ኢኖኪ 15ቱን ዙር አብዛኛውን በጀርባው ተንጋሎ የዓሊን እግር ሲረግጥ ዋለ፣ ዓሊ ቆሞ «ተነስ!» ሲል ዋለ፣ አቻ ወጡ። ሰው ገንዘባችንን መልሱ አለ። ባጃጅ ነጂው ይህንንም ከስልኩ አውጥቶ አሳየው። አጎቴ ሁለት ደቂቃ ያህል ታገሰና «ይሄስ የውሸት ነው» አለ።

ባጃጅ ነጂው ከዚያ ወደ ሙቶ መለሰን። ከገመዱ ማማ ላይ ሽቅብ ዘሎ ወደ ኋላ ተገልብጦ በተጋጣሚው ላይ መውደቅ መለያው ነበር። ተጋጣሚው ወድቆ ይጠብቀዋል፤ ይህ ተመክሮበታል። የሚያርፈው ግን በጉልበቱ ነው፤ ጉልበቱን ያማከረው የለም። ለሠላሳ ዓመት ከዘለለ በኋላ በ2018 ሁለቱንም ጉልበቶቹን በሰው ሠራሽ አስለወጠ።

«ስለዚህ የውሸቱ ጉልበቱ ብቻ ነው» አለ አጎቴ። ሻይ ቤቱ በሙሉ ሳቀብኝ። ቴሌቪዥኑን ሲያዩ የነበሩት ልጆች እንኳ ዞረው ሳቁ።

የካቲት 21 ቀን 2023 (ይህም በፈረንጅ) ሙቶ ቶኪዮ ዶም ውስጥ ሊሰናበት ገባ። ቴትሱያ ናይቶ አሸነፈው። ያበቃ ሲመስል ሙቶ ማይክሮፎን ያዘና፣ በዚያ ቀን ተንታኝ ሆኖ ከዳር ተቀምጦ የነበረውን ሰው ጠራ። ቾኖን። ያንን የ1984 ጀማሪ። ቾኖ ገባ፣ ቆለፈው፣ ሙቶ እጁን ሰጠ። በአንድ ምሽት ሁለት ጊዜ ተሸንፎ ወጣ።

አጎቴ ዝም ብሎ ቆየ። «ዕዳውን ከፍሎ ሄደ» አለ በመጨረሻ። «ተነጋግረው ይሁን ሳይነጋገሩ፣ ደግ አደረገ።»

ለመነሳት ሒሳብ ጠየቅን፤ አራት ሻይ። አጎቴ እጁን ኪሱ ከተተ። ባጃጅ ነጂው «ወላሂ አይከፍሏትም አባባ!» ብሎ ክንዱን ያዘው። አጎቴ «የአባቴ አጥንት ይውጋኝ፣ እኔ ቁሜ ልጅ ሊከፍል?» ብሎ በበትሩ አገደው። ከጓዳ በኩል የነበረ የአጎቴ እኩያ ደግሞ «ሁለታችሁም ተቀመጡ!» እያለ ብሩን በአየር ላይ ዘርግቶ መጣ። አስተናጋጇ ብር የያዘ እጅ ወደሷ በመጣ ቁጥር በጨዋነት ወደ ኋላ ትላለች፤ ማን እንደሚያሸንፍ ገና አልተወሰነማ። እኔ ለመገላገል ከመሃል ገባሁ። ክንዴ ወደ ኋላ ተጠመዘዘ፣ አንድ ብርጭቆ ወደቀ፣ የሸሚዜ ሁለተኛ ቁልፍ ተበጥሶ ከአግዳሚው ስር ተንከባለለ። ሦስቱም እየተጓተቱ፣ እየማሉ፣ እየተገፋፉ በሩ ጋ ደረሱና ወጡ።

ሻዩንም ብርጭቆውንም የከፈልኩት እኔ ነኝ። ቁልፉ ግን እስካሁን አልተገኘም።