ነጭ ሽንኩርቱን ለክሽክሽ?

ሰለቸን! በረንዳ ላይ በተቆረጠ ጀሪካን ናና የተከለ ሁሉ ያውቀዋል። ለሻይ ሊቀጥፍ ይወጣል፤ ጫፍ ጫፉ ተኮማትሯል፤ ቅጠሉን ገልበጥ ሲያደርገው ክሽክሽ ሆዱ ላይ ተደርድሯል። ባዶ እጁን ይገባል። ከዚያ ምክር ይዘንባል። «መድኃኒት እንዳትረጪበት፣ በተፈጥሮ ነገር ነው የሚጠፋው!» እውነት ነው፤ ፍል ውሃ ውስጥ የምንጨምረው ቅጠል ላይ ማላታዮን አንረጭም። ግን ይህ የተፈጥሮ ነገር የሚሉት ምን እንደሆነ እዩልኝ።

ነጭ ሽንኩርት ነው። ፈጭታችሁ፣ ዘፍዝፋችሁ፣ አጥልላችሁ ርጩ ይሉናል፤ ለወጥ አንዲት ፍንካች ቆጥበን በምንጥልበት ዘመን! ለቀንድ አውጣ ደግሞ ቢራ። በጎድጓዳ ሳህን ቀድታችሁ አፈር ውስጥ ቅበሩት፣ ሽታው ስቦት ገብቶ ይሰጥማል። መስጠሙን ይሰጥማል፣ አልዋሹም። ግን ሰው በበዓል የሚቀምሰውን ቀንድ አውጣ በየማታው ይጋበዝ? ቅጠሉ ላይ ነጭ ሻጋታ ከታየም ወተት በውሃ አቅጥኑ አሉ። የማን ወተት? ርካሽ እየተባለ የሚነገረን መፍትሔ ሁሉ ከጓዳችን የሚወጣ ምግብ ነው።

ውሃስ? በኃይለኛ ውሃ ከስር ወደ ላይ ብትመቱት ክሽክሹ ይረግፋል፤ የረገፈው አብዛኛው ተመልሶ አይወጣም። ግሩም ምክር! ብቻ አዲስ አበባ ውሃው በፈረቃ ነው፤ ቀኑ ደርሶ ሲመጣም ሌሊት፣ ያውም እየተንጠባጠበ። ከበርሜል በጆግ እየቀዳን ኃይሉን ከየት እናምጣው?

«ትንሽ ሳሙና ጠብ አድርጉበት» የሚሉም አሉ። ትንሽ ስንት ነው? ለ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ይህን የሚነግረን ስለጠፋ የልብስ ዱቄት ሳሙና በጥብጦ ቅጠሉን ያቃጠለው ስንቱ ነው። ሳሙና የሚገድለው ደግሞ እርጥብ ሆኖ የነካውን ብቻ ነው፤ ከደረቀ በኋላ አቅም የለውም። ስለዚህ ቅጠሉን አንድ በአንድ እየገለበጡ ሆዱን ማርጠብ ነው። ክሽክሿ ግን ያለ ወንድ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለቀለት ልጅ ትወልዳለች፤ ልጇም በሳምንት ግድም እናት ትሆናለች። እኛ ረጭተን ጎናችንን ሳናሳርፍ እሷ የልጅ ልጅ አየች። በዚያ ላይ ጥቃቅኑ ጥቁር ጉንዳን አለ፤ ከክሽክሹ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚልስ እንደ እረኛ ይጠብቀዋል፣ ሊበላው የመጣውን ጥንዚዛም ያባርራል። ጉንዳኑን ትቶ ክሽክሹን ብቻ ማሳደድ ልፋት ነው።

ኒም የሚሉንማ ከማን አገር እንደሚያወሩ እንጃ። ዛፉ የቆላ ነው፤ ድሬዳዋ ሞልቷል፣ እዚህ ብርዱ አይስማማውም። ዘመድ ቅጠሉን ቢልክልን እንኳ ዋናው ኃይሉ ያለው ፍሬው ውስጥ ነው። ትምባሆ ቀቅላችሁ ርጩ የሚሉትን ግን ዝም ማለት አይገባም። ትምባሆም ተፈጥሮ ነው እኮ! ኒኮቲኑ ክሽክሹን የሚገድለው መርዝ ስለሆነ ነው፤ የተረጨበትን ናና በሻይ የሚጠጣውን ሰውም አይምርም።

(«ናና እኮ ራሱ ተባይ ያባርራል፣ ጎመን አጠገብ ትከሉት» ያሉንንም አንረሳም። መጀመሪያ ከራሱ ላይ ያባር።)

የሚገርመው፣ ምንም የማያስወጣውን ነገር የሚናገር የለም፤ እሱም ማጨድ ነው። ናናውን አፈሩ ድረስ ቆርጣችሁ፣ ክሽክሹን ከነቅጠሉ አስወግዱት፤ ከመሬት በታች ከሚሄደው ግንዱ እንደገና ያቆጠቁጣል። ከቅጠሉ ስር ብርቱካናማ ዱቄት ካያችሁም ዋግ ነው፤ እሱን ሽንኩርትም ሳሙናም አያድነውም፣ አጭዶ ማቃጠል ነው። አዲሱ ቅጠል እስኪደርስ ሻያችንን በጤና አዳም እንጠጣለን፣ ምን ይደረግ።

እናንተ መካሪዎቻችን፣ ልባችሁ ቀና እንደሆነ እናውቃለን። ግን እባካችሁ፣ የሚቀጥለውን መድኃኒት ስትነግሩን ከነመጠኑና ከነዋጋው ይሁን።