ዓይን የጨረሰው ሁዲ

ልብስ በምን ያረጃል ቢባል አብዛኛው ሰው በሳሙና፣ በፀሐይና በብብት ላብ ብሎ ይመልሳል። መልሱ ለካፖርት ይሠራ ይሆናል። የአዲስ አበባ ወጣት ለሚለብሰው ሁዲ፣ ካርጎ ሱሪ፣ ስኒከርና ኬፕ ግን አይሠራም፤ እነዚህን የሚጨርሳቸው ዓይን ነው። ስፌቱ ያልላላ፣ ቀለሙ ያልለቀቀ ሁዲ ሦስቴ ቦሌ፣ ሁለቴ ቲክቶክ ላይ ከታየ በኋላ ባለቤቱ የሞላ ቁምሣጥን ከፍቶ «የምለብሰው የለኝም» ይላል። ዋሸ ብለው የሚቆጡ ወላጆች አሉ። አልዋሸም፤ ልብሱ አለ፣ ልብሱን ያላየ ሰው ነው ያለቀበት። ጓደኛሞች ልብስና ጌጥ የሚቀያየሩትም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ነገሩን ድህነት የሚሉት አሉ፣ ታይታ የሚሉትም አሉ። እኔ ግን በዓይን ያለቀን ልብስ መልሶ አዲስ ለማድረግ ከተገኙት ዘዴዎች ሁሉ ርካሹ ነው እላለሁ። ሁዲው ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ሲዛወር ሰፈሩም ታክሲውም ተመልካቹም አብሮ ይቀየርለታል። መገናኛ የሰለቸውን ሳሪስ ገና አላየውም።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ያሉት ሰዎች ስኒከር አያውቁም፤ ሕጉን ግን ቀድመው ደርሰውበታል። ጥለቱ ምን ያህል ነው፣ ስንት ብር ወጣበት ብለው አልጠየቁም። የጠየቁት ሕዝብ በወጣበት ቀን ቀሚሱ ተገኝቷል ወይ ብቻ ነው፤ ካልተገኘ ፍርዱ ያው የምታውቁት ነው፣ ይግባኝም የለውም። ለጉርድ ፎቶ የሚሆን ኮትና ከረባት ግድግዳ ላይ ሰቅለው ደንበኛ የሚጠብቁ ፎቶ ቤቶችም የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው። አንዱ ኮት የስንቱን መታወቂያና የስንቱን የሥራ ማመልከቻ አሳምሯል! ከወገብ በታች ቁምጣና ነጠላ ጫማ ይሁን ማንም ግድ የለውም፤ አይታይማ። የውጭዎቹ ነጋዴዎች ደግሞ ነገሩን ወደ ቢሊዮን ቀይረውታል። እ.ኤ.አ. በ1994 በኒው ዮርክ ላፋዬት ጎዳና ለስኬትቦርድ ልጆች የተከፈተው ሱፕሪም የሚባለው ሱቅ ስሙን የተከለው በየሳምንቱ ሐሙስ ጥቂት ጥቂት ዕቃ እየለቀቀ ነው። ደጁ ላይ ይታይ የነበረው ያ ሁሉ ሰልፍ ለጥጡ አልነበረም፤ ብዙ ሰው ያላየውን ለመልበስ ነበር። በ2020 ቪኤፍ የተባለ ኩባንያ በ2.1 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ተስማማ፤ በ2024 ደግሞ በ1.5 ቢሊዮን ተሸጠ። ገዢው ማን ነው? ኤሲሎርሉክሶቲካ፣ የዓለም ትልቁ የመነጽር አምራች። የዓይን ጉዳይ ስለሆነ መነጽር ሠሪ እጅ መግባቱ ብዙም አይገርምም።

መቀያየሩ የዛሬ ልጆች ብልግና ነው ለሚሉ ደግሞ ራቅ ያለ ምስክር ልጥራ። ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ የተባለው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው መጽሐፉ ከኒው ጊኒ በስተ ምሥራቅ ባሉ ደሴቶች የሚካሄደውን «ኩላ» የሚባል ልውውጥ ጽፏል። በዚያ አካባቢ የተከበሩ ሰዎች በታንኳ አደገኛ ባሕር እያቋረጡ ጌጥ ይቀያየሩ ነበር። ከቀይ ዛጎል የተሠራው የአንገት ጌጥ በአንድ አቅጣጫ ይዞራል፣ ከነጭ ዛጎል የተሠራው አምባር ደግሞ በተቃራኒው። ማንም ለዘለዓለም አያስቀረውም፤ ይዞ የቆየ ሰው ስስታም ይባላል። ከሁሉ የሚያስቀው አብዛኞቹ አምባሮች ከመጥበባቸው የተነሣ ለልጅ ክንድ እንኳ አለመግባታቸው ነው። ክብሩ ያለው በማጥለቁ ሳይሆን በእጅ አልፎ በመሄዱ ነው፤ ጌጡ በነማን እጅ እንዳለፈ እየተተረከ ስሙ ይገንናል። የኛ ጀለሶች ታንኳ ባይኖራቸውም ሚኒባስ አለላቸው። ባትሪው ካለቀ ዓመት ያለፈው የእጅ ሰዓት ከክንድ ክንድ ሲዞር፣ «ይሄ ሰንሰለት እኮ የእከሌ ነበር» ሲባል፣ ነገሩ ያው ኩላ ነው። ሰዓት የጠየቀ ሰው ስልክ ይመልከት።

ተቃዋሚ ቀድሞ የሚመዘው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን ነው። ተረቱን አከብራለሁ፤ የሚፈራውን ነገር ግን ልብ እንበል። ተረቱ የሚፈራው ባለወርቁ በሰው መሀል ድንገት ተከስቶ «አውልቅ!» እንዳይል ነው። በመቀያየር ጊዜ ባለቤቱ አጠገብህ ቆሟል፤ ያውም ያንተን ጃኬት ለብሶ። «አውልቅ» ካለ እሱም ያወልቃል። ሁለቱም እርቃናቸውን ሊቀሩ በሚችሉበት ቦታ አፍ የሚከፍት የለም። ደግሞስ በየሰርጉ ካሜራ ፊት የሚያበራው ሐብል ሁሉ የሙሽሪት ነው ያለው ማን ነው? የአክስት ወርቅ እንዴት እንደሚያደምቅ የሰርግ አልበም ያገላበጠ ያውቀዋል።

ከዚህ የሚከብደው ክርክር የገንዘብ አዋቂዎች ነው። በእንግሊዛዊው ነጋዴ በቶማስ ግሬሻም ስም የሚጠራ ሕግ አለ፦ መጥፎ ገንዘብ ጥሩውን ከገበያ ያስወጣዋል። ሰው ጥሩውን ይደብቃል፣ መጥፎውን ያዘዋውራል። እንግዲህ ጓደኛም እንደዚሁ ኦርጂናሉን አልጋው ሥር ቆልፎ ፌኩን ወደ ቅይይሩ ያመጣል ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ግን ሳንቲም ለሁሉም ሰው ያው ሳንቲም ነው፤ ሁዲ እንደዚያ አይደለም። አንተን የሰለቸህ እኔን አልሰለቸኝም፤ የምንቀያየረውም መሰልቸታችንን ነው። እውነተኛው ችግር የሚመጣው ዋጋው ሲራራቅ ነው፤ ኦርጂናል ጆርዳን ሰጥቶ ኬፕ የተቀበለ ሰው ጓደኝነቱን በየሳምንቱ ማስላት ይጀምራል። በየሰፈሩ «ልዋጭ!» እያሉ አሮጌ ልብስ በሳፋ የሚለውጡት ነጋዴዎች ከዚህ ጣጣ የዳኑት ሁለቱ ወገኖች የሚያዩት ዓለም ስለሚለያይ ነው። እመቤቲቱ የምታየው ሳፋውን ነው፣ ነጋዴው ደግሞ መርካቶን፤ ሁለቱም ያተረፉ ይመስላቸዋል። የሚከስረው ማታ ኮቱን ፈልጎ ሳፋ የሚያገኘው አባወራ ብቻ ነው። ጓደኛሞች ግን የሚያዩት ያንኑ ዓለም ስለሆነ ለዘለቄታው ባይቀያየሩ ይሻላቸዋል። «እስከ እሁድ» የሚለው ቃል ብዙ ጓደኝነት አትርፏል፤ እሁዱ የትኛው እሁድ እንደሆነ ከተነጋገሩ ማለቴ ነው።

የቀረው የንጽሕና ነገር ነው፤ እዚህ ላይ መቀለድ አያምርም። ተስቦና ግርሻ በልብስ ስፌት ውስጥ በሚኖር ቅማል ይተላለፉ እንደነበር፣ ዛሬም እንደሚተላለፉ፣ ሐኪሞች ያውቃሉ። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፦ ሙቅ ውኃ፣ ሳሙናና የጋለ ካውያ። የሚገርመኝ ግን ተቃዋሚው ራሱ ከላይ እስከ ታች የለበሰው ሳልባጅ መሆኑ ነው። የተለበሰ ልብስ ለንግድ ማስገባት በሕግ ቢከለከልም ሳልባጅ ገበያው ውስጥ ሞልቷል፤ ሳልባጅ ማለት ደግሞ የማናውቃቸው ሰዎች ዓይን የጨረሰው ልብስ ነው። በየትኛው ሀገር በማን ብብት እንዳለፈ ሳይጠይቅ «ኦርጂናል ነው!» ብሎ የተሻማ ሰው፣ አብሮት ያደገውን፣ ቤቱን፣ እናቱን፣ የሻወር ቀኑን ሳይቀር የሚያውቀውን ጓደኛውን ጃኬት ሲጠየፍ አይገባኝም። ጫማ ላይ ትንሽ ጥንቃቄ አይከፋም፣ የእግር ፈንገስ ጓደኝነት አያውቅም። ካልሲን በተመለከተ ግን ተቃዋሚዎች የተናገሩት ሁሉ፣ ያልተናገሩትም ጭምር፣ ልክ ነው።