ከፈረሱ በስተቀር ምንም አልጎደለም፦ በጠረጴዛ ላይ ስለሚካሄድ የፈረሰኞች ግጥሚያ የቀረበ ጥናት

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሁለት ፈረሰኞች ጥሩር ለብሰው፣ ረጅም የእንጨት ጦር ወድረው፣ ፊት ለፊት እየጋለቡ ይጋጩ ነበር። ጉግስ ያየ ሰው ነገሩን በግማሽ ያውቀዋል። ይኸው ፍልሚያ ዛሬ በካርታ ተሠርቶ ለቤተሰብና ለመማሪያ ክፍል ይቀርባል። የዚህ ጥናት ዓላማ በዝውውሩ መሀል ምን እንደ ጎደለ መመርመር ነው። ግኝቱን በርዕሱ ላይ ያሰፈርነው አንባቢን ላለማጉላላት ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለናሙና የተመረጠው በ2000 የወጣው «አይቫንሆ» ነው። ስሙ የዋልተር ስኮት ልብ ወለድ ስም ነው። አዘጋጁ ጀርመናዊው ዶክተር ራይነር ክኒትሲያ ሲሆኑ፣ ዶክትሬታቸው በሒሳብ እንጂ በፈረስ ግልቢያ አይደለም፤ ይህም በጨዋታው ላይ በግልጽ ይታያል። አምስት ቀለሞች አሉት፦ ሐምራዊ የፈረስ ላይ ጦር፣ ቀይ ሰይፍ፣ ሰማያዊ መጥረቢያ፣ ቢጫ ባለ እሾህ ዱላ፣ አረንጓዴ ባዶ እጅ። ተራው የደረሰ ተጫዋች ካርታ ጨምሮ ከሁሉም በላይ ነጥብ መያዝ አለበት፤ ካልሆነለት ይወጣል። ሲወጣ ፊቱ የደረደራቸውን ካርታዎች አንድ ሳያስቀር ትቶ ነው።

ይህን ሕግ ጭካኔ ነው የሚሉ እናቶች አሉ። ታሪክ ግን ከሕጉ ጋር ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተማረከ ፈረሰኛ ፈረሱንና ጥሩሩን ያስረክባል፣ በላዩም ቤዛ ይከፍላል። እንግሊዛዊው ዊልያም ማርሻል ኑሮውን የመሠረተው በዚህ ነው፤ 500 ፈረሰኞች መማረኩን ሞት አልጋው ላይ ሆኖ ተናግሯል። ፕለር በተባለ የፈረንሳይ ስፍራ አሸንፎ ሽልማቱን ሊሰጡት ቢፈልጉት ጠፋ። በኋላ የተገኘው ቀጥቃጭ ቤት ነው፤ ተንበርክኮ፣ ጭንቅላቱን መስፍ ላይ አስደግፎ። የራስ ቁሩ በድብደባ ብዛት ተጨራምቶ አልወልቅ ብሎት ኖሮ፣ ቀጥቃጩ በመዶሻና በጉጠት እየታገለለት ነበር። ሽልማቱ አንድ ትልቅ ዓሣ ነው። በካርታው ጨዋታ በልጁ የተሸነፈ አባት ፊትም ይጨራመታል፤ እሱን ግን ማቃናት የሚችል ቀጥቃጭ የለም።

ከባድ የምሁራን ክርክር የሚያስነሣው የእመቤት ካርታ ነው። ዋጋዋ 6 ነው፤ ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን እሷን ፊቱ ደርድሮ ከግጥሚያው የሚወጣ ሰው ቀደም ሲል ግጥሚያ አሸንፎ ያገኘውን አንድ የሽልማት ጠጠር ይመልሳል። ሴት ይዞ መሸሽ ዋጋ ያስከፍላል ማለት ነው። ፈረሰኛው ኡልሪሽ ፎን ሊሽተንሽታይን ለሚያፈቅራት እመቤት ክብር ሲል በ1227 እንደ ቬነስ አምላክ የሴት ልብስ ለብሶ ከጣልያን እስከ ቦሄሚያ እየተጋጠመ ተጉዟል፤ 307 ጦር ሰብሬያለሁ የሚለውም ራሱ ነው። አንድ ጠጠር ለመመለስ ግማሽ ሰዓት የሚያኮርፍ ተጫዋች ይህን ቢያነብ ይጠቅመዋል።

ሌላው ትኩረት የሚሻ አንቀጽ፣ የሐምራዊው ግጥሚያ በተከታታይ ሁለት ጊዜ አይካሄድም የሚለው ነው። ይህ አጥኚ የደረሰበት ብቸኛ ትርጓሜ ፈረሶቹ እንዲያርፉ ታስቦ ነው የሚል ነው። አረንጓዴው ደግሞ ለሥነ ምግባር ትምህርት የተመቸ ነው፤ እዚያ እያንዳንዱ ካርታ፣ እመቤቲቱም ሳትቀር፣ 1 ብቻ ይቆጠራል። ካርታ ያነሰው ልጅ አረንጓዴ አስጠርቶ ስለ እኩልነት ለክፍሉ ያስረዳል። ካርታ የሞላለት ልጅ ትምህርቱን አይከታተልም።

የደኅንነትን ነገር ካነሣን፣ የሚወጋው ነገር ከዘመን ወደ ዘመን እያነሰ መምጣቱ ግልጽ ነው። በ1559 የፈረንሳዩ ሄንሪ 2ኛ ፓሪስ ላይ የልጁን ጋብቻ ሲያከብር የተጋጣሚው የሞንጎመሪ ጦር ተሰብሮ ስንጣሪው ዓይኑ ገባ። ሐኪሞቹ ቬሳሊየስና አምብሯዝ ፓሬ ቢረባረቡም ከ10 ቀን በኋላ ሞተ። አንድ ዙር ይጨመር ብሎ ሞንጎመሪን ያስገደደው ንጉሡ ራሱ ነበር፤ ጥያቄው እስከ ዛሬ ከመኝታ ሰዓት በኋላ በየቤቱ ይቀርባል። የአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት ይህንኑ ግጥሚያ በ1962 ይፋዊ ስፖርቷ አድርጋዋለች፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ወገኖቻችን ሳያውቁት የፈረሰኞች አገር ነዋሪዎች ናቸው። እዚያ የሚወጋው የተንጠለጠለ ቀለበት ነው። ከንጉሥ ወደ ቀለበት፣ ከቀለበት ወደ ካርታ።

በመጨረሻ አንድ የአፈጻጸም ምክር። የእንግሊዙ ሪቻርድ 1ኛ በ1194 ግጥሚያን በአምስት ስፍራዎች ብቻ ሲፈቅድ ቅድሚያ ክፍያ ጥሎ ነበር፦ ከፍተኛው መስፍን 20 ማርክ፣ ባሮን 10፣ መሬት ያለው ፈረሰኛ 4፣ መሬት የሌለው 2። ታሪፉ በቤተሰብ ደረጃ ቢተገበር፣ በተሞከረበት ቤት ሁሉም ኪራይ ላይ በመሆናቸው፣ አባትም እናትም ልጆችም እኩል 2፣ 2 ማርክ ይመጣባቸዋል፤ አከራዩ ሊጫወቱ ከወረዱ ግን 4።