ቀላሉን ሥራ የማወሳሰብ ጥበብ፤ መልካሳ ለተላከ ፕሮግራመር

አዋሽ መልካሳ ላይ አንድ የዘር መጋዘን አለ እንበል። ማወቅ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ስንት ኩንታል ቦሎቄ ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ። እስከ ዛሬ ይህን የሚያውቁት ጋሼ መጋዘን ጠባቂው ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ ትልቅ መዝገብ አለ፤ ዓምዶቹ በማስመሪያ የተሰመሩ፤ ቀን፣ የዘሩ ዓይነት፣ መጠን፣ የተረካቢው ፊርማ። አዋሽ-1 የሚባለው ቦሎቄ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ናስር የሚባለው በቀይ። «ሲስተም ይሠራለት» ተባለና አንተ ከአዳማ መናኸሪያ በሚኒባስ ተሳፍረህ መጣህ። ሥራው በሁለት ሳምንት ሊያልቅ እንደሚችል ገና በር ላይ ሳለህ ገብቶሃል። እንዳያልቅ የማድረጉ ኃላፊነት እንግዲህ ያንተ ነው።

መጀመሪያ ጋሼን አታናግራቸው። እሳቸው የሚያውቁት መጋዘኑን ነው፤ ሲስተም ምን ያውቃሉ? ቀጥ ብለህ ኃላፊው ቢሮ ግባ። ማኪያቶ ይታዘዝልሃል፤ ኃላፊውም «ዘመናዊ ነገር ይሁንልን» ይሉሃል። ጥናትህ አለቀ። ስትወጣ ጋሼ በር ላይ ጠብቀው «ልጄ፣ እኔን የቸገረኝ ማታ ማታ ቀሪውን መደመሩ ነው፤ እሱን ብቻ ብታቀልልኝ» ቢሉህ፣ ራስህን ነቅነቅ አድርገህ «በሁለተኛው ምዕራፍ ይካተታል ጋሼ» በላቸው። ሁለተኛ ምዕራፍ እንደማይኖር እሳቸውም አይጠፋቸውም።

ኮድ ከመጻፍህ በፊት ሥዕል ሣል። ብዙ ሳጥን፣ ብዙ ቀስት። «ገቢ» የራሱ ማይክሮሰርቪስ ይኑረው፤ «ወጪ»ም የራሱ፤ ሁለቱ እንዳይጣሉ መሐላቸው ገብቶ የሚያስታርቅ ሦስተኛ፤ ሦስተኛውን የሚጠብቅ አራተኛ። ሁሉንም በኩበርኔቲስ አስተዳድራቸው። ጎግል ይህን መሣሪያ በ2014 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የለቀቀው ብዙ ኮምፒውተር በአንድ ላይ ለሚያስተዳድሩ ነው። መጋዘኑ ያለው አንድ ኮምፒውተር ነው፤ እሱም የጆንያ ብናኝ ጠጥቶ ያጓራል። ምንም አይደለም፤ ነገ ቢያድግስ? «ነገ ቢያድግስ» የምትለዋን በደንብ ያዛት፤ ለማንኛውም ጥያቄ መልስ ትሆናለች። መጋዘኑ አራት ግድግዳና አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ እንደመሆኑ ወዴትም አያድግም፤ ግን ይህን አንስቶ የሚሞግትህ አይኖርም።

አንድ ነገር ግን በፍጹም ከአፍህ እንዳይወጣ፤ ኤስኪውላይት። ሪቻርድ ሂፕ የተባለ ሰው በ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮት፣ ሙሉውን ዳታቤዝ በአንድ ፋይል የሚያስቀምጥ፣ ሰርቨር የማይፈልግ፣ በየአንድሮይዱና በየአይፎኑ ውስጥ የሚገኝ ነገር ነው። ማለትም የጋሼ ስማርት ስልክ ውስጥም አለ፤ አሁን ኪሳቸው ውስጥ ሆኖ ይሠራል። ይህን ካነሳህ ሥራው አለቀ ማለት ነው። ሥራው ካለቀ ደግሞ ምን ትበላለህ?

ራስህ ልትጽፈው የምትችለውን ሁሉ ከሌላ ሰው ተበደር። ቁጥር ለመደመር አንድ ፓኬጅ፣ ቀን ለመጻፍ ሌላ፣ ፓኬጆቹን ለማስማማት ሌላ። በ2016 እ.ኤ.አ. አንድ ፕሮግራመር ተቆጥቶ ሌፍት-ፓድ የምትባል 11 መስመር ኮድ ኤንፒኤም ከተባለው የፓኬጅ ማከማቻ ላይ ቢያነሳት በዓለም ዙሪያ የሺዎች ፕሮጀክት ቆሞ ነበር። ሥራዋ ከጽሑፍ በስተግራ ባዶ ቦታ መጨመር ብቻ ነው። ከዚህ የምትማረው ግልጽ ነው፤ አንተ 11 ሳይሆን 1100 ተበደር፤ የትኛው እንደጎደለ ማንም እንዳያውቅ።

ኔትወርክ ሁልጊዜ እንዳለ ቁጠር። መብራትም እንዲሁ። አዳማን ከላይ ሆነው የሚያዩት የነፋስ ማማዎች የመጀመሪያዎቹ 51፣ ተከታዮቹ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው፤ ታዲያ መልካሳ ላይ መብራት ይጠፋል ብሎ ማን ያስባል? ጠፋ እንኳ ቢባል፣ ጭነት መኪናው በር ላይ ቆሞ፣ ወዛደሩ ጆንያ ተሸክሞ፣ ጋሼ ስክሪኑ ላይ «እባክዎ ግንኙነትዎን ያረጋግጡ» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ያንብቡ። ኢንተርኔት የማይፈልግ፣ የሚያሳፍር ሥራ የሠሩም አሉ። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. 8028 የሚባል ቁጥር አወጣ። ገበሬው ቁልፍ ባለው ተራ ስልኩ ይደውላል፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የእርሻ ምክር ይሰማል። አፕ የለው፣ ፓስወርድ የለው፣ ዳሽቦርድ የለው። ቴሌብርም ቢሆን ለተራ ስልክ *127# አዘጋጅቷል። እንደዚህ ዓይነት ነገር ሲቪህ ላይ ምን ብለህ ትጽፈዋለህ?

ቋንቋን በተመለከተ፤ ሁሉም እንግሊዝኛ ይሁን። ገበሬው ኦሮምኛ ይናገራል፣ ጋሼ ኦሮምኛም አማርኛም ይጽፋሉ፤ ይልመዱት እንግዲህ። ለገበሬው የጽሑፍ መልእክት ላክ ከተባልህ ግን በአማርኛ ረዘም አድርገህ ጻፍ። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ሆሄ ይይዛል፤ በእኛ ፊደል 70 ብቻ። ስለዚህ 150 ሆሄ ያለው ሰላምታህ ሦስት ቦታ ተቆርጦ በሦስት ሒሳብ ይሄዳል። «ዘርዎን ይውሰዱ» የሚለው ያለው መጨረሻው ላይ ነው። በቁቤ ብትጽፈው 160 ሆሄ ይፈቀድልህ ነበር፤ ገበሬውም በቋንቋው ያነበው ነበር። እሱ ግን ቀላል ነው፤ ቀላል ነገር አንወድም ተባብለናል።

ስልክ ቁጥር በ09 ካልጀመረ አትቀበል። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. በ07 መጀመሩን ያልሰማ ሲስተም ዛሬም ሞልቷል፤ ብቻህን አትሆንም። «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን አስቀምጥና አስገዳጅ አድርገው፤ ሰውየው የአባቱን ይጻፍ የአያቱን ራሱ ይጨነቅበት። ፍለጋውን ደግሞ እንዲህ አድርገው፤ ኃይሉ ተብሎ የተመዘገበውን ሰው «ሀይሉ» ብለው ሲፈልጉት «አልተገኘም» ይበል። ጋሼ እንደ አዲስ ይመዘግቡታል። በሳምንቱ ደግሞ «ሃይሉ» ብለው ይፈልጉታል። አንድ ገበሬ ሦስት ደንበኛ ይሆናል፤ የወሰደው የዘር ብድርም ሦስት ቦታ ይከፋፈላል፤ ሰኔ 30 ቆጠራ ሲመጣ ሦስቱም አልከፈሉም።

አሁን ወደ ምወደው ክፍል ልምጣ፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ)። ድሮ የማይረባ አራት ሺህ መስመር ኮድ ለመጻፍ ወራት ይፈጅ ነበር፤ ፕሮግራመሩም ላቡን ጠብ አድርጎ ነበር የሚያወሳስበው። ዛሬ አንድ ምሽት ይበቃል። አዳማ አንዱ ሆቴል ዋይፋይ ያዝና «ለመጋዘን የሚሆን ፕሮፌሽናል ሲስተም ሥራልኝ» በለው። የሰጠህን አታንብብ። ማንበብ እምነት ማጣት ነው። ስሕተት ካሳየህ ስሕተቱን ቀድተህ መልሰህ ስጠው፤ ሌላ ስሕተት ቢያሳይህ ያንንም። እንዲህ እያልህ ስሕተቱ ሲጠፋ ሲስተሙ ሊሠራው የነበረው ሥራም አብሮ ጠፍቷል፤ ግን ማን ያያል? ለኮዱ ፈተና ጻፍልኝ ካልኸውም ይጽፍልሃል፤ የጻፈውም የፈተነውም እሱ ስለሆነ ውጤቱ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው።

የፕሮጀክት ሰነዱ ላይ «በኤአይ የታገዘ የቦሎቄ ፍላጎት ትንበያ» የሚል መስመር አስገባ። መረጃው የአንድ ዓመት መዝገብ ነው፤ ይተንበይበት። መዝገቡን ማገላበጥ ለሚታክተው ኃላፊም የሚያወራ ቦት ጨምርለት፤ «ስንት ኩንታል ቀረ?» ሲባል በጨዋ ቋንቋ፣ በሙሉ መተማመን፣ የተሳሳተ ቁጥር የሚናገር።

ፍጥነትህን አትለካው። ሜትር የተባለ የአሜሪካ የምርምር ድርጅት በ2025 እ.ኤ.አ. ለካና ነገር አበላሸ። ልምድ ያላቸው 16 ፕሮግራመሮች በሚያውቁት ፕሮጀክት ላይ በኤአይ ሲሠሩ 19 በመቶ ዘገዩ፤ ሥራውን ጨርሰው ሲጠየቁ ግን 20 በመቶ ፈጥነናል አሉ። አንተም ስሜትህን ብቻ አዳምጥ።

«ይህ ለምን እንዲህ ተጻፈ?» የሚል ቢመጣ መልሱ አጭር ነው፤ «ኤአይ ነው የጻፈው»። ይህን ስትል ትከሻህን ሰበቅ አድርግ።

ስማ ግን። ደመወዙን የሚበላው ኤአይ አይደለም፤ አንተ ነህ። ርክክቡ ላይ የፈረምኸውም አንተ። በሲስተምህ ሒሳብ 40 ኩንታል ጎድሎ ሲገኝ ኮሚቴ ፊት የሚቆሙት አንተም ኤአይም አይደላችሁም፤ ጋሼ ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ሰው፣ አንዲት ፍሬ ሳትጎድል በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ሲያስተዳድሩ የኖሩ ሰው፣ ያላጎደሉትን አጉድለዋል ተብለው ደብዳቤ ይጻፍባቸዋል። ያላነበብኸው ኮድ አንድ ሰው ላይ ነው የሚወድቀው። ማን ላይ እንደሚወድቅ ደግሞ መጀመሪያ ቀን በር ላይ አይተኸዋል፤ «ልጄ» ብሎሃል።

ይቅርታ፤ ወደ መመሪያችን።

ሲስተሙን የምትለቀው አርብ ይሁን። አርብ ታሪክ ያለው ቀን ነው። ክራውድስትራይክ 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተር ያጠፋውን ማሻሻያ የለቀቀው በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. አርብ ቀን ነው። በአገራችንም መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. አርብ ሌሊት፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሌላ ነገር አምሮት፣ ሰው በሒሳቡ ውስጥ የሌለውን ብር እንዲያወጣ ፈቀደ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሌሊቱን ኤቲኤም ፊት ተሰለፈ። ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ፣ የሲስተም እክል እንደሆነ ተናገረ፤ ከዚያም ገንዘቡን ለማስመለስ ሲለምንና ያልመለሱትን ፎቶ ሲለጥፍ ሰነበተ። አብዛኛው ተመልሷል። አየህ? መጨረሻው ያምራል፤ ስለዚህ ቅዳሜን ከመጠበቅ አርብ ማታ ልቀቀው፤ ስልክህንም አጥፋ።

ከመጋዘኑ ብዙም ሳይርቅ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። የእነሱን አሠራር እንዳታይ ተጠንቀቅ፤ ተስፋ ያስቆርጥሃል። አንድ የቦሎቄ ዝርያ ለገበሬ ከመድረሱ በፊት በተለያየ ቦታ፣ በተለያየ ዓመት ይዘራል፤ በገበሬው ማሳ ላይ ይፈተሻል፤ ኮሚቴ መጥቶ ማሳው ላይ ቆሞ ያየዋል፤ ካልሆነ ይጣላል። ለቦሎቄ! አንተ ግን በላፕቶፕህ ላይ፣ ያውም ባዶ ዳታቤዝ ይዘህ፣ አንዴ ጫን አድርገህ «ሠርቷል» ትላለህ።

ስለ ስብሰባ ብዙ አልልም፤ የአሥራ አምስት ደቂቃው የቁም ስብሰባ (ስታንድአፕ) ተቀምጣችሁ አንድ ሰዓት ተኩል ይፍጅ። ቴሌግራም ግሩፑ ላይ እሑድ ማታ «አስቸኳይ» ብለህ ጻፍና ሰኞን አርፍድ። ሰነድ አታዘጋጅ። ፓስወርዱ ስልክህ ውስጥ ብቻ ይኑር።

ስድስት ወር ሲሞላህ አዲስ አበባ የተሻለ ሥራ ታገኛለህ፤ ወይም ውጭ ላለ ድርጅት ከቤትህ ሆነህ በዶላር። ሂድ፤ አልፎልሃል። ሊንክዲን ላይ «በግብርናው ዘርፍ የዲጂታል ሽግግር መርቻለሁ» ብለህ ጻፍ። ጋሼ መዝገቡን ከመሳቢያ ያወጡታል። ሲስተሙም አይጠፋም፤ ኃላፊው እንግዳ ሲመጣ የሚያሳዩት ዳሽቦርድ አለው፤ ባለቀለም ክቡ ይሽከረከራል። ጋሼም ከእንግዲህ ሁለት ጊዜ ይመዘግባሉ፤ አንዴ ለሥራው፣ አንዴ ለክቡ።

አንድ የቀረ አለ። ኤአዩ የጻፈልህ ፎርም «ወር ከ1 እስከ 12 መሆን አለበት» ይላል፤ አላነበብኸውምና አታውቅም። ጳጉሜን ሲገባ ጋሼ 13 ብለው ይጽፋሉ፤ ፎርሙ ቀይ ይሆናል። እሳቸውም መስከረም እስኪጠባ ጠብቀው የአምስቱን ቀን ርክክብ ሁሉ «መስከረም 1» ብለው ያስገቡታል። አንድ ጎበዝ ደርሶ 13 ቢያስፈቅድልህ እንኳ ቀኑን 5 ላይ ያቆመዋል። ጳጉሜን 6 የነበረችው በ2015 ነው፤ ቀጥላ የምትመጣው በ2019 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ያለ ፎርም የሆነ ቦታ ጥለህ የመጣህ ከሆነ፣ እባክህ አንድ ቀን ሚኒባስ ተሳፈርና ሄደህ አስተካክለው። የአንድ መስመር ሥራ ነው።