የዋልካው ኤሌክትሮኒክ፦ ስለ መተማ የሠርግ ኦርጋን የተደረገ ቅድመ ጥናት

በዓለም የሙዚቃ ጥናት ስለ በርሊን ምድር ቤቶች የተጻፈው ስለ መተማ ዮሐንስ የሠርግ ድንኳኖች ከተጻፈው በእጅጉ ይበልጣል። ለዚህ ክፍተት ሁለት ምክንያቶች ይጠቀሳሉ። አንደኛው፣ በርሊን በሚያዝያ አርባ ዲግሪ አይሞቅም። ሁለተኛው፣ የመተማ ሰው የሚያዳምጠው ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሆኑን ማንም አልነገረውም፤ እሱ ሠርግ ላይ ነው ያለው።

ክፍተቱን ለመሙላት ይህ ቅድመ ጥናት ቀርቧል። ቦታው ምዕራብ ጎንደር፣ ከገንደ ውኃ ቁልቁል እስከ ሱዳን ድንበር፣ እስከ ገላባት ድልድይ የተዘረጋው ቆላ ነው። ጊዜው ሰሊጥ ተሽጦ ገንዘብ ኪስ ከገባ በኋላ ያለው ወቅት ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን፣ ከታች የሚመጣ አንድ አዋጅ ብቻ በራሱ አቆጣጠር ጸንቷል። የጥናቱ ወሰን፣ እንደ አካባቢው ወሰን ሁሉ፣ ገና በቅጡ አልተካለለም።

በመጀመሪያ መሣሪያው። መተማ ላይ ኦርጋን ሲባል በአውሮፓ ካቴድራሎች ግድግዳ ላይ የሚታየው ባለ ቱቦው አይደለም። በብረት መቆሚያ ላይ የሚቀመጥ፣ ባለ 61 ቁልፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያማሃ የሆነ ኪቦርድ ነው። ጃፓናዊው ቶራኩሱ ያማሃ ሐማማትሱ ከተማ ውስጥ የመጀመሪያውን ኦርጋኑን የሠራው በ1887 ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በመጋቢት 1889፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ሕይወታቸው አለፈ። በሁለቱ ክስተቶች መካከል የምክንያትና የውጤት ግንኙነት አልተገኘም። ይሁን እንጂ ዛሬ በንጉሠ ነገሥቱ ስም በምትጠራው ከተማ የጃፓናዊው ስም ያልተጻፈበት ሠርግ ማግኘት ይቸግራል፤ የታሪክ ሰዎች ጉዳዩን በዝምታ ማለፋቸው ያስተዛዝባል።

የኦርጋኑ ውስጣዊ የሥራ ሁኔታም ሊመረመር ይገባዋል። ቅኝቶቻችን አምስት ድምፅ ብቻ የሚጠቀሙ ሲሆን መሣሪያው ግን በእያንዳንዱ እርከን አሥራ ሁለት ቁልፍ ይዞ ይመጣል። ሒሳቡ ሲሠራ፣ አንድ ቅኝት ሳይቀያየር እስከተጫወተ ድረስ ከ61ዱ ቁልፎች ሥራ የሚደርሳቸው 25 ወይም 26 ናቸው። የቀሩት 35 ገደማ ባሕር ተሻግረው፣ ቀረጥ ተከፍሎባቸው፣ በባጃጅ ጣሪያ ላይ ታስረው መጥተው፣ ሠርጉን ከመነሻው እስከ መልሱ ሥራ ፈትተው ይውላሉ። በመሥሪያ ቤት መዋቅር ውስጥ ለኖረ አንባቢ ምጣኔው እንግዳ አይሆንበትም።

የሚያስደንቀው ከድልድዩ ማዶ ያለው ነው። የሱዳን ሙዚቃም ባብዛኛው ባለ አምስት ድምፅ ነው፤ በተለይ ሜጀር ትዝታ ሲመታ፣ ጀላቢያ የለበሰውም ጋቢ የደረበውም ሰው “ይሄ የእኛ ነው” ማለቱ የማይቀር ነው። ሱዳናዊው ዘፋኝ መሐመድ ወርዲ በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ እንዲህ ለመወደድ አስተርጓሚ ያላስፈለገው በዚህ ምክንያት ይመስላል። ስለዚህ ከገላባት በኩል ያለው ኦርጋንም ሥራ የሚያሠራው እነዚያኑ ቁልፎች ነው፤ ሥራ ፈቶቹም እነዚያው ናቸው። ሁለቱ አገሮች እስካሁን ሳይነጋገሩ የተስማሙበት ብቸኛ የሰው ኃይል ፖሊሲ ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ለቆላው ሙዚቃ የዘር ሐረግ ለመፈለግ ወደ ደጋ መውጣት ግድ ነው። ደብረ ብርሃን የተወለደው ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር የአዲስ አበባ ሒልተንን ሌሊቶች ሲያሞቅ ኖሮ፣ በ1981 ባንዱ ለሥራ ወደ አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ቀረ። በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮን፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን አዳብሎ “ሸሞንሟናዬ”ን በካሴት አወጣ። አንድ ሰው የሙሉ ባንድ ሥራ ሲሠራ የሚሰማበት፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ሕልም የመሰለ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ በዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ተራው እስኪደርስ ከመኪናው የዕቃ መጫኛ ኪቦርዱን እያወጣ ይለማመድ ነበር። በ2013 ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ፣ ባሕር ዳር ላይ ያገኘውን ይህን ካሴት “አውሶም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ” በተባለው አሳታሚው በኩል እንደገና ለገበያ አቀረበ። ባሕር ዳር ላይ በጠራራ ፀሐይ ሲሸጥ የኖረን ነገር ዓለም “ለማግኘት” 28 ዓመት ፈጅቶበታል። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሶ በ2018 “ላላ በሉ”ን፣ በ2020 “የኔ ምርጫ”ን አሳተመ።

ከዚህ የምንማረው ዘዴ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ኪቦርድ፣ የማይደክም ከበሮ። የመተማ ሠርገኛ ይህንን ዘዴ የወረሰው ከሥነ ውበት መጽሔት አይደለም፤ ከድግስ በጀት ነው። ሙሉ ባንድ ቢጠራ ከጎንደር የሚመጡት ሰዎች ትራንስፖርት፣ መኝታና ምሳ ይፈልጋሉ። የኦርጋኑ ከበሮ መቺ ግን ምሳ አይበላም፣ ከሚዜ አይጣላም፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ “በቃኝ” አይልም። የለንደን ሃያሲ “ሚኒማል” የሚለውን ስልት የሙሽራው አባት በሌላ ስም ያውቀዋል፤ ወጪ ቅነሳ ይለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ግኝት እንግባ። ከገላባት ወዲያ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ገዳሪፍ ጃንትራ በሚል ስም የሚታወቅ ኦርጋን ተጫዋች አለ። በከተማዋና በአልፋሽጋ ገጠሮች ድግስ ላይ ለአገሩ ዜማ እንዲመች በተነካካ ያማሃ ሌሊቱን ሙሉ ያስጨፍራል። በ2023 ኒውዮርክ የሚገኘው ኦስቲናቶ ሬከርድስ “ሲንተሳይዝድ ሱዳን” የተባለ አልበሙን አሳተመ። ንዑስ ርእሱ “አስትሮ ኑቢያን ኤሌክትሮኒክ ጃግላራ ዳንስ ሳውንድስ ፍሮም ዘ ፋሻጋ አንደርግራውንድ” ይላል፤ በአገራችን የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ደረጃ ሲለካ ርዝመቱ መካከለኛ ነው።

አልበሙ ግሩም ነው። ዘፋኝ የለውም። ሪትሙ ይጋልባል፤ ከላዩ የኦርጋኑ ዜማ እንደ ልቡ ሲወጣና ሲወርድ፣ አንድ ሐረግ ይይዝና ያሽከረክረዋል፣ ይለቀዋል፣ ተመልሶ ከኋላው ይይዘዋል። እንዲህ ያለ ሙዚቃ በውጭ አገር የምሽት ክበቦች የነገ ድምፅ ተብሎ ይከፈልበታል። መተማ ላይ ግን አንድ ሰው ከሩቅ ቢሰማው “የማነው ሠርጉ?” ብሎ ይጠይቃል እንጂ ስለ ነገ የሚያስበው ነገር የለም። በዚህ ጥናት አስተያየት ሁለተኛው አድማጭ የተሻለ ሃያሲ ነው፤ ቢያንስ ምግብ ያለበትን አቅጣጫ ለይቷል።

በአልበሙ ርእስ ላይ ስለተጠራው የድንበር መሬት፣ ስለ አልፋሽጋ፣ በቁም ነገር መናገር የሚገባ ጥቂት አለ። መሬቱ እንደ መተማ ሁሉ ሰሊጥና ማሽላ የሚያበቅል ዋልካ ነው። ድንበሩ በ1902 በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል በተፈረመ ውል ተነግሮ፣ በ1903 ሻለቃ ግዊን የተባለ እንግሊዛዊ በየኮረብታው እየዞረ ምልክት አኑሮለታል፤ ንግግሩ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም። በ2020 መጨረሻ የሱዳን ጦር ገብቶ ኢትዮጵያውያን ገበሬዎችን አስለቀቀ። በሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ፣ በመተማ ድልድይ በኩል ሻንጣ የጎተተ፣ ልጅ ያዘለ ሕዝብ በብዛት ተሻገረ። የጃንትራ አልበም ኒውዮርክ ላይ የወጣው በዚያው ዓመት ነው።

ከአልበም ወደ ሪሚክስ ስንሻገር፣ ንድፈ ሐሳቡ ወጥ አይደለም። በዓለም ልማድ ሪሚክስ ማለት የተጠናቀቀን ሥራ ፈትቶ እንደገና መገጣጠም ነው። የታወቀው ምሳሌ ከአማራ ክልል አይወጣም። ቻግኒ የተወለደችው እጅጋየሁ ሽባባው ጂጂ በ2001 በስሟ ያወጣችውን አልበም አቀናባሪው ቢል ላስዌል በ2003 “ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ” ብሎ እንደገና ሠራው። ብዙውን ዘፈኗን አደብዝዞ፣ ቤዙንና ማስተጋባቱን አርዝሞ ነው ያቀረበው። ጂጂን ጂጂ ካደረጋት ድምፅ ላይ መቀነስ ድፍረት ይጠይቃል፤ ቻግኒ ላይ እንዲህ ያለ ሐሳብ ያቀረበ ሰው ሽማግሌ ሊላክበት ይችላል። ሲያዳምጡት ግን ከሥሩ የነበረው ወለል ብሎ ይወጣል፤ እንደ ሪሚክስ የተሳካ ነው።

ሆኖም አዝማሪ ይህን ሁሉ ቀድሞ ያውቀዋል። ማሲንቆ አንድ ክር ነው ያለው፤ የሥራ አጥ ቁልፍ ችግርም የለበትም። ታዳሚው “ተቀበል!” ብሎ ግጥም ሲወረውር አዝማሪው የያዘውን ዜማ ሳይለቅ ቃሉን ይለውጣል፣ ስም ያስገባል፣ የተቀያየመ ሰው ካለ በጨዋ ደንብ ወጋ ያደርገዋል። ከእሱ ወዲህ የመጣው የሪሚክስ ባለሙያ የጨመረው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው።

ሦስተኛውን ዓይነት ሪሚክስ የሚያመርተው ባጃጅ ነው። አንድ ዘፈን ከስልክ ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ሌላ ስልክ፣ ከዚያም አፉ በተቀደደ ስፒከር ወደ መንገድ ሲወጣ፣ በኒውዮርክ ውድ መሣሪያ ተገዝቶ የሚገኘው የተንሻፈፈ ቤዝ በነፃ ይገኛል። ዘፈን የሚጭኑ ሱቆች በዚህ ረገድ የአካባቢው መዛግብት ቤት ናቸው። አመዳደባቸው ከየትኛውም ቤተ መጻሕፍት ይቀላል፦ “የሠርግ”፣ “ሱዳን”፣ “የድሮ”፣ “ሪሚክስ”። አንዱ ዘፈን በአራቱም ውስጥ ቢገኝ ባለ ሱቁ አያፍርም፤ ተመራማሪም ሊያፍርለት አይገባም።

አዲስ አበባ ራሱን የቻለ የንድፈ ሐሳብ ክንፍ አላት። እንደገና ሙሉ፣ “ኢትዮጵያን ሬከርድስ” በሚል የመድረክ ስሙ፣ ሥራውን ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ ብሎ ሰይሞ በ2015 “ሌቱ ሲነጋ”ን አወጣ። ሚካኤል ሰይፉ በ2014 “የአራዳ ልጅ”ን፣ በ2016 “ዘላለም”ን አሳተመ። ሁለቱም የገጠሩን ድምፅ ወደ ላፕቶፕ አስገብተው፣ ቆራርጠው፣ በትዕግሥት የሚያዳምጥ ሰው የሚፈልግ ሙዚቃ ይሠራሉ። ሮፍናን ደግሞ በ2018 “ነጸብራቅ” በተባለው አልበሙ ያንኑ ጋብቻ ወደ አደባባይ አውጥቶ ወጣቱን በአንድ ላይ አስዘለለው። እንግዲህ አዲስ አበባ ገጠሩን ወደ ማሽኑ ታመጣለች፤ መተማ ማሽኑን ወደ ገጠር ትወስዳለች። ሁለቱ ጉዞዎች በዚሁ ከቀጠሉ፣ የመተማን መንገድ መታጠፊያ ግምት ውስጥ ስናስገባ፣ አዘዞ ላይ መገናኘት ይኖርባቸዋል።

የክፍያ ሥርዓቱም ሳይነሳ አይታለፍም። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሙዚቃ ባለሙያ ከሥራው ተጠቃሚ እንዲሆን ይደነግጋል። ድንኳኑ ውስጥ የሚሠራው ግን ከአዋጁ የቀደመው ነው፦ የወደደ ሰው ብር አውጥቶ የተጫዋቹ ግንባር ላይ ይለጥፋል። ይህ ሥርዓት አስተዳደራዊ ወጪ የለውም፣ ክፍያው ወዲያው ይፈጸማል፣ ደረሰኙ ለሁሉም ይታያል። ደጋ ላይ ያለበት ጉድለት ብሩ መውደቁ ነበር። መተማ ላይ በላብ ምክንያት ይህ ችግር ተፈትቷል። ከማዶ ያለው ልማድ ይለያል፤ ሱዳናዊው ታዳሚ ክንዱን ከዘፋኙ ራስ በላይ አንሥቶ ጣቱን እያጮኸ ነው “አብሽር” የሚለው። በድንበር ሠርግ ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ያጮኻል፣ አንዱ ይለጥፋል፤ ተጫዋቹም ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጥ ሲጠየቅ በትሕትና ፈገግ ይላል።

አንድ ሐሳብ ከሰሊጥ ነጋዴ ሰፈር ይመነጫል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ “ነጭ የሁመራ ጎንደር” ብሎ የአካባቢውን ሰሊጥ በደረጃ ይመድባል፤ እርጥበቱ፣ ባዕድ ነገሩ፣ ቀለሙ ይታያል። ሙዚቃውም እንዲሁ በደረጃ ቢመደብስ? ችግሩ ባዕድ ነገሩን የሚለየው ወንፊት ነው። የያማሃው ሪትም ከጃፓን፣ ዘዬው ከገዳሪፍ፣ ትከሻው ከጎንደር ነው። ይህ ሁሉ ተነፍቶ የሚወጣ ከሆነ ጆንያው ውስጥ የሚቀረው ሞንታርቦ ስፒከሩ ብቻ ይሆናል፤ እሱም ጣሊያን ነው።

ስለዚህ ጥናቱ የሚያቀርበው ምክረ ሐሳብ የጋራ የድምፅ ድንበር ኮሚሽን እንዲቋቋም ነው። ሻለቃ ግዊን ኮረብታና ወንዝ ለይቶ ሲያልፍ ትዝታ የት ላይ አብቅቶ የሱዳን ዜማ የት ላይ እንደሚጀምር አላመለከተም፤ የጓንግ ወንዝም ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባል እንጂ ዜማውን ሳይለውጥ ይፈሳል። የኮሚሽኑ አባላት እኩል ቁጥር ከሁለቱም ወገን ይሆናሉ፤ እስክስታም ጣት ማጮኽም መቻል የቅጥር መስፈርት ነው። የአበል መጠንና የጄኔሬተር ነዳጅ ወጪ ገና አልተወሰነም። የመጀመሪያው ስብሰባ በማንኛውም ወር ሊጠራ ይችላል፤ ከጥር በስተቀር፣ ምክንያቱም በጥር ለምስክርነት የሚጠራ ኦርጋን ተጫዋች አይገኝም።